የሐይቅ ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ይበላ? ከናሙና እስከ ምክር

ውኃውን ብቻ መርምሮ ስለ ዓሣው መፍረድ አይቻልም። ውኃ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ሜቲል ሜርኩሪ (መርዛማ የሜርኩሪ ዓይነት)፣ ትንሹን ትልቁ እየበላው በአዳኝ ዓሣ ሥጋ ውስጥ እስከ ሚሊዮን እጥፍ ሊከማች ይችላል። ስለዚህ የሚመረመረው ሰው የሚበላው ሥጋ ነው።

ቢያንስ ሁለት ዝርያ ምረጡ፤ አንዱ አዳኝ፣ ሌላው ከሐይቁ ወለል የሚመገብ ቅባታም ዓሣ ይሁን። የመጀመሪያው ሜርኩሪን፣ ሁለተኛው ፒሲቢን (የፋብሪካ ኬሚካል) እና ዲዲቲን (የተባይ ማጥፊያ) ያሳያል። ሰው የማይበላውን ዝርያ መመርመር ለምክር አይረዳም።

ለአንድ ጥምር ናሙና (የብዙ ዓሣ ሥጋ ተቀላቅሎ በአንድነት ለሚለካበት) ከአንድ ዝርያ ከ3 እስከ 10 ዓሣ ይወሰዳል። የትንሹ ርዝመት ከትልቁ ርዝመት ከ75 በመቶ ማነስ የለበትም። ሜርኩሪ ዓሣው ባረጀና በረዘመ ቁጥር ስለሚጨምር፣ ዘንድሮ ትልልቆቹን ለከርሞ ትንንሾቹን የለካ ሰው ሐይቁ ሳይጸዳ የጸዳ ይመስለዋል። የእያንዳንዱን ርዝመት በሚሊሜትር፣ ክብደቱን በግራም፣ የተያዘበትን ቦታና ቀን መዝግቡ።

ለፒሲቢ የሚላከው በአሉሚኒየም ፎይል፣ ለሜርኩሪ የሚላከው በንጹሕ ፕላስቲክ ይጠቅለል፤ ፒፋስ (በቀላሉ የማይበሰብሱ ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች) የሚለካ ከሆነ ቴፍሎን ያለበት ዕቃ አይቅረብ። ናሙናው በበረዶ ተጉዞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጣል። ፊሌቶ ሲወጣ ሆድ ዕቃው እንዳይቀደድ ተጠንቀቁ፤ ቢላዋና መክተፊያው በየናሙናው መሃል ይታጠብ። ቆዳው ይገፈፍ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው የሐይቁ ሰዎች አበላል ነው። ከዚያ ሥጋው አንድ ወጥ እስኪሆን ይፈጫል።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው “በእርጥብ ክብደት ነው ወይስ በደረቅ?” ነው። ከዓሣ ሥጋ 75 እስከ 80 በመቶው ውኃ ስለሆነ የደረቁ ቁጥር ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል፤ ሁለቱን ማምታታት ምክሩን በሙሉ ያበላሸዋል። የባዶ ናሙና (ዓሣ የሌለበት፣ ብክለት ከላቦራቶሪው እንዳልገባ ማሳያ)፣ የድግግሞሽ (ያው ናሙና ደግሞ ሲለካ) እና መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ የማመሳከሪያ ናሙና ውጤትም አብሮ ይጠየቅ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለሜቲል ሜርኩሪ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 0.1 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በ30 ቀን 180 ማይክሮግራም ይደርሳታል። ዓሣው በኪሎ 0.4 ሚሊግራም ካለው 150 ግራም ሥጋ 60 ማይክሮግራም ይይዛል፤ ስለዚህ በወር 3 ጊዜ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 75 ግራም ቢቀርብለት 2 ጊዜ ብቻ ይሆናል። መለኪያው የፅንስን አንጎል ከጉዳት ለመጠበቅ የወጣ ስለሆነ፣ ነፍሰ ጡሮችና ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች በምክሩ ላይ ለብቻ ይጠቀሱ።

ስለ አዘገጃጀት ሲመከር ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ፒሲቢና ዲዲቲ ቅባት ውስጥ ስለሚቀመጡ ቆዳውን መግፈፍ፣ የሆዱንና የጀርባውን ስብ ቆርጦ መጣል፣ ቅባቱ እንዲንጠባጠብ አድርጎ መጥበስ ይቀንሳቸዋል። ሜርኩሪና ፒፋስ ግን ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቁ መግፈፍም ሆነ ማብሰል አያወጣቸውም። “ስቡን አስወግዱ” ብሎ በደፈናው መምከር የሜርኩሪ ሐይቅ ላይ የሐሰት መተማመኛ ይሰጣል።

ምክሩ ዝርያና ርዝመት ለይቶ ይጻፍ፣ የሚበላውንም ዓሣ ይጥቀስ፤ ሰው “ተበክሏል” የሚል ብቻ ከሰማ ጥሩውንም ዓሣ ይተወዋል። የወር ድርሻው ለየዝርያው ለብቻ ሳይሆን ለሁሉም በጋራ አንድ መሆኑም በግልጽ ይነገር፤ የአንዱን ዝርያ 3 ጊዜ የበላ ሰው በዚያው ወር ገደብ ከተጣለበት ከሌላው ዝርያ አይጨምርም።