ዝገት የምትበላ አውሬ በእርሳስና በቡና እንዴት ትሳላለች?

ክረምት ገብቶ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይወጣል። አንደኛው ባልዲ ፍለጋ ይሮጣል። ሁለተኛው ቀና ብሎ «ቆይ፣ ማነው የበላው?» ይላል። እኔ ሁለተኛው ነኝ።

እመት ዝጊት የተወለደችው እንዲህ ነው። ፒያሳ አካባቢ፣ አሮጌ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የምትኖር፣ ዝገት በልታ የምታድር አውሬ ናት። ስሟን የተዋስኩት ከተረታችን ነው፤ ጅቡን አያ ጅቦ፣ ጦጣዋን እመት ጦጢት እንደምንለው። ዛሬ እሷን ከባዶ ወረቀት ተነስተን እስከ ታሪኳ ድረስ አብረን እንሥራት። የራሳችሁን አውሬ ብትፈጥሩ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ መንገዱ አንድ ነው።

ከቀንዷ በፊት ሆዷ

ጀማሪ «አውሬ ሳል» ሲባል ከቀንድ ይጀምራል። ከዚያ ክንፍ፣ ከዚያ ጥርስ፣ ከዚያ ሌላ ቀንድ። ሲያልቅ ያስፈራል፣ ግን አይታመንም። ምን በልቶ እንደሚያድር አይታወቅማ! እኔ ንድፍ ከመጀመሬ በፊት ወረቀቱ ጥግ ላይ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፦ ምን ትበላለች?

የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ከንግሥተ ሳባ በፊት አገር ይገዛ ነበር የሚባለውን ዘንዶ፣ አርዌን አስታውሱ። ታሪኩ የሚዞረው በቀለቡ ዙሪያ ነው። ሕዝቡ እየፈራ ይቀልበዋል። አጋቦስ የሚሉት ሰው (አንጋቦ የሚሉትም አሉ) የገደለውም በዚያው በቀለቡ በኩል ነው፤ መርዝ የበላች ፍየል አቀረበለት። በሳጥን በሳጥን የተከፋፈለው የሳባ ሥዕል ላይ ዘንዶው መጀመሪያ አካባቢ አለ። የሥዕል ሱቅ ስታገኙ ቆም ብላችሁ እዩት።

ዝጊት ዝገት የምትበላ ከሆነ ሌላው ራሱ ይመጣል። ብረት ለመፋቅ ጠንካራ መንጋጋ ያስፈልጋታል። ሌሊት ጣሪያ ላይ ስትሄድ እንዳትሰማ እግሯ ለስላሳ ነው። ክረምት ትወፍራለች፣ በጋ ትከሳለች። በዓለም ላይ የምትጠላው ነገር አንቲረስት ነው። ይኸው፣ አንድ መስመር ሳናሰምር ግማሽ ታሪክ ያዝን።

ወጥቶ ማየት

የሌለ እንስሳ የሚሠራው ካሉት ነው። ለዝጊት መንጋጋውንና ትከሻውን ከጅብ ወሰድኩ። የጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፤ ጀርባው ወደ ጭራው ቁልቁል የሚወርደው ለዚህ ነው። ይህን ቁልቁለት ብቻ ብትይዙ አውሬያችሁ ወዲያው አድፋጭ ይመስላል። መዳፏን ከጎረቤት ድመት ወሰድኩ። አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደግሞ ለጀማሪ ይመቻል። እንስሳቱ ተሞልተው የቆሙ ስለሆኑ «አትንቀሳቀስ» ማለት አያስፈልግም።

አንድ ከሰዓት ካላችሁ ግን ሁለቱን አንበሶች እዩልኝ። ለገሀር ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው ሞአ አንበሳ ዘውድ ደፍቷል፣ ጎፈሩም ጡንቻውም እውነተኛ ይመስላል። ጣሊያን ዘርፎ ሮም አቁሞት የነበረው እሱ ነው። ከዚያ በእግር ወደ ብሔራዊ ቴአትር ውጡ። እዚያ ያለው ድንጋዩ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ለንጉሡ የ25ኛ ዓመት በዓለ ንግሥ የቆመ። ቀጥ ያለ፣ ጥርብ፣ እንደ ግንብ። ሁለቱንም ለአሥር አሥር ደቂቃ ንደፉ። አንዱን እንስሳ በሁለት ቋንቋ መናገር እንደሚቻል እጃችሁ ያኔ ይገባዋል። እኔ በግሌ የቴአትሩ አንበሳ ይበልጥብኛል።

እቃ

ብዙ አይደለም። አንድ ኤችቢ እርሳስ፣ አንድ ለስለስ ያለ አራት ቢ፣ ላጲስ፣ ጥቁር እስክሪፕቶ፣ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ብሩሽ። ወረቀቱ ላይ ግን አትሰስቱ። ኮፒ የምናደርግበት ወረቀት 80 ግራም ነው፤ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። 300 ግራም የውሃ ቀለም ወረቀት ፈልጉ። ዙሪያውን በፕላስተር ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ለጥፉት።

ንድፉ

ኤችቢውን ይዛችሁ፣ ሳትጫኑ፣ መጀመሪያ ጣሪያውን ሳሉ። አዎ፣ ጣሪያውን። አውሬ ቦታ ከሌላት አየር ላይ ትንሳፈፋለች። የቆርቆሮው ሸንተረሮች እየራቁ ሲሄዱ እየተቀራረቡ ይሂዱ። ጣሪያው ላይ ንፋስ እንዳይወስደው የሚጫነውን ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ አስቀምጡ። ጎማውን ያየ ሰው የዝጊትን ቁመት ሳይነገረው ያውቃል።

ከዚያ ሰውነቷ፦ ለደረቷ ትልቅ እንቁላል፣ ለዳሌዋ ትንሽ እንቁላል፣ ለጭንቅላቷ ክብ። በአንድ ቁልቁል መስመር አያይዟቸው። አቋሟ ካላማራችሁ አሁኑኑ አጥፉት፤ ፀጉር ከገባ በኋላ እጅ አይጨክንም።

ዓይን ላይ ቆም በሉ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ግን ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የእናንተንም አውሬ በዚያ ዓይን ያነባል። ለዝጊት ሁለቱንም ሰጠኋት። ራባት እንጂ ክፉ አይደለችም።

በእስክሪፕቶ ስትደግሙት የምታጠቁሩት ሦስት ቦታ ብቻ ይሁን፦ መንጋጋዋ ሥር፣ ሆዷ ሥር፣ መዳፏ ቆርቆሮውን የሚነካበት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንድ ጊዜ ሙሉ ቅዳሜ የለፋሁበትን ሥዕል በጄል እስክሪፕቶ ደግሜ ቀለም ሳስነካው ፊቷ በሙሉ ወደ ጭቃ ተለወጠ። ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ መስመር አስምሩ፣ ይድረቅ፣ በእርጥብ ጣት እሹት። ከተበተነ ተዉት። ተራው ባለ ዘይት እስክሪፕቶ ይችላል።

ከበረካ ወደ አቦል

የዝገት ቀለም ቤታችን አለ። ቡና ሲፈላ ከአቦሉም፣ ከቶናውም፣ ከበረካውም ጥቂት ጥቂት በሦስት ስኒ አስቀሩ። ስኳር እንዳይገባበት! ወረቀቱ ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይጋብዛል። አተላው ሲዘቅጥ ላይ ላዩን ቅዱ። አቦሉን መልሳችሁ እሳት ላይ ጣዱት፤ ሩብ እስኪቀር ይንተክተክ።

አጠጣጡ ከአቦል ይጀምራል፣ አሳሳሉ ግን ከበረካ። መጀመሪያ መላ ሰውነቷንና ጣሪያውን በበረካ አልብሱ፤ ብርሃን የሚያርፍበትን ጀርባዋን ነጭ ተዉት። ይድረቅ። ቀጥሎ ጥላውን በቶና። ይድረቅ። መጨረሻ ላይ የተበላውን ቆርቆሮና አፏን በአቦል። መካከል ላይ ካልደረቀ አንዱ ከአንዱ ይቀላቀላል። ስለዚህ ታገሡ፣ የተረፈውን ጠጡ። ሲያልቅ ፀሐይ ፊት አትስቀሉት፤ ቡና ይደበዝዛል።

ታሪኳ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በጥንት ዘመን በሩቅ አገር» ብሎ ይጀምራል። ተዉት። ያያት ሰው ይናገር፤ የምስክር ወሬ ይጣፍጣል። የእኔ እንዲህ ይጀምራል፦

«እማማ፣ ማታ ጣሪያው ላይ ምንድን ነበር?»
«ዝናብ ነዋ።»
«ዝናብ ያላምጣል እንዴ?»
«ዝም ብለህ ተኛ። አንቲረስቱን ነገ እናስቀባለን።»

እማማ የተባለችው አያቱ ታውቃለች ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ? ለምን ደበቀች? ታሪኩ ከዚህ በኋላ ራሱ ይጎትታችኋል።

አንድ ችግር ግን ገጠመኝ። ፒያሳ ፈረሰ፣ ቆርቆሮው ተነሳ። ዝጊት ምን ትብላ? ሁለተኛውን ሥዕል የጀመርኩት በዚህ ነው። አይሱዙ ላይ የተጫነ የአሮጌ ቆርቆሮ ክምር አለ፤ እሷ ከላይ ተጋድማለች፣ ጉንጯ ሙሉ ነው። ሾፌሩ ገና አላወቀም።