ክሩ ወጣ ማለት ሆዱ ዳነ ማለት አይደለም፦ ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ ሄርኒያ የሚጋብዙ ስህተቶች

የዛሬ ሦስት ዓመት ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ሆዴ መሃል ለመሃል ተከፈተ። ክሩ በወጣልኝ ሰሞን ሰፈር ውሃ ጠፍቶ ነበርና ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን አንጠልጥዬ ደረጃ ወጣሁ። ቆዳው ገጥሟል፣ አያምም፣ ታዲያ ምን አለበት? በዓመቱ ገደማ ሳስል ብቅ፣ ስተኛ ጥፍት የሚል እብጠት ከእምብርቴ በላይ መጣ። ሄርኒያ፦ የላላው የሆድ ግድግዳ ተከፍቶ አንጀት ወይም ስብ በቀዳዳው ብቅ ሲል ነው። ጀሪካኑ ብቻ ነው ያመጣው አልልም፣ ያኔ ሲጋራም አጨስ ነበር።

ትልቁ ስህተት በቆዳ መፍረድ ነው። ቆዳ በሁለት ሳምንት ይገጥማል። ሆድን የሚይዘው ግን ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሽፋን ነው፤ እሱ በስድስት ሳምንቱ የድሮ ጉልበቱን ግማሽ ያህል ቢያገኝ ነው፣ ወራት ቆይቶም ሙሉ በሙሉ እንደ በፊቱ አይሆንም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ እንደ ቀዶ ጥገናው ከዚያም በላይ፣ ከ5 ኪሎ የሚበልጥ አታንሱ የሚሉት። 5 ኪሎ የሞላ ጀሪካን ሩብ ነው። የሊጥ ባልዲና የሁለት ዓመት ልጅ ሁለቱም ያልፉታል። ልጁ ካለቀሰ ቁጭ በሉና ሌላ ሰው አጠገባችሁ ያስቀምጥላችሁ።

«ጥሩ ስፌት ከሆነ ችግር የለም» የሚሉም አሉ። ስፌቱ ለውጥ ያመጣል፣ እውነት ነው። በ2015 በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ቀረብ ቀረብ ባሉ ትንንሽ ስፌቶች ከተሰፉት ሰዎች በዓመቱ ሄርኒያ የያዛቸው 13 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው ሰፋ ያለ ስፌት 21 በመቶ ነበሩ። ግን 13 በመቶም እኮ ትንሽ አይደለም።

ፈርቶ አልጋ ላይ መዋልም ስህተት ነው። ጠያቂ የመጣ ሁሉ «አትንቀሳቀስ!» ይላል፣ ሐኪሙ ደግሞ በማግስቱ ተራመድ ይላል። ሐኪሙን ስሙ። ተኝቶ መዋል እግር ላይ ደም ያረጋል፣ ሳንባ ላይ አክታ ያጠራቅማል፣ አንጀትንም ያሰንፋል። ስትነሱ ብቻ ቀጥ ብላችሁ አትነሱ፤ በጎን ዞራችሁ፣ እግራችሁን አውርዳችሁ፣ በክንዳችሁ ተደግፋችሁ ነው።

ማንም የማያወራው ሽንት ቤት ነው። እንደ ትራማዶል ያሉ ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፣ ቁጢጥ ብሎ ማማጥ ደግሞ ያንኑ ቁስል ከውስጥ ይገፋል። ውሃ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ። ካልሆነ ሳታፍሩ ማለስለሻ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ።

ሳልም እንደዚያው ነው። አታፍኑት፣ አክታው መውጣት አለበት፤ ትራስ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ ሳሉ። ሲጋራ ግን የቁስሉን ኦክስጅን ስለሚቀንስም ጭምር ይጎዳል። ቀጠሮ ያለው ቀዶ ጥገና ከሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ማቆም ነው። ስኳር ያለበትም ስኳሩን ያስተካክል።

መቀነት ወይም የሆድ ቀበቶ ታጥቆ ዕቃ ማንሳትስ? ቀበቶው ሕመም ያስታግሳል፣ ለመራመድም ያግዛል። ሄርኒያ እንደሚከላከል ግን የተረጋገጠ ነገር የለም፣ ስለዚህ ፈቃድ አይደለም።

ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም መግል ካወጣ ቅቤና ቅጠል መለጠፍ ይቅር። ያመረቀዘ ቁስል ለሄርኒያ ከሚዳርጉት ዋነኞቹ አንዱ ነው፣ በቶሎ መታየት አለበት።

እብጠቱ ከመጣ ደግሞ «ስተኛ ይገባል» ብላችሁ ዓመት አታሳልፉ። እኔ ስምንት ወር ዝም ብያለሁ፣ ቀዳዳው ሰፋ። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ፈስ ከጠፋ፣ በእጃችሁ እየገፋችሁ አትታገሉ፣ አንጀት ታንቆ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።