ለሥራ ወደ ሲሼልስ ለሚመጡ ኢትዮጵያውያን

ሲሼልስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ አራት ዲግሪ ያህል ወረድ ብላ የምትገኝ የ115 ደሴቶች አገር ናት። የደሴቶቹ የብስ በሙሉ ቢደመር 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከተማ ያንሳል። ሕዝቧም ከ100,000 ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ማሄ በምትባለው ደሴት ላይ ይኖራል። አዲስ መጪ እነዚህን ቁጥሮች በልቡ ይዞ ቢመጣ፣ የቤት ኪራይ ለምን እንደሚከብድ፣ ሽንኩርትና ሩዝ ለምን በመርከብ እንደሚጠበቅ፣ በአንድ ሆቴል የሠራው ጥፋትም ሆነ ያሳየው ትጋት ለምን በሳምንቱ ሌላው ሆቴል እንደሚደርስ ሳይነገረው ይገባዋል።

ወረቀትን በተመለከተ መዘናጋት አይገባም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ማሄ በቀጥታ ስለሚበር ጉዞው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከመነሣቱ በፊትም የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ማግኘት አለበት። የሥራ ፈቃዱን የሚያመለክትልዎ አሠሪው ሲሆን፣ ፈቃዱም ከዚያው አሠሪ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ሥራ ለመለወጥ ሲያስቡ አዲሱ አሠሪ እንደገና ማመልከት ይኖርበታል። ስለዚህ «በጎብኚነት ግባ፣ የቀረውን እዚያ እናስተካክላለን» የሚል ደላላ ቢገጥምዎ ገንዘብዎን አይስጡ። የመንግሥት ሕክምና በነፃ የሚሰጠው ለዜጎች በመሆኑ፣ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የሕክምና ወጪዎን፣ መኖሪያዎንና የመመለሻ ትኬትዎን ማን እንደሚችል በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቁ።

ማሄ ከባሕር በቀጥታ ሽቅብ የወጣች የግራናይት ድንጋይ ደሴት ናት። ከፍተኛው ተራራዋ ሞርን ሲሼልዋ 905 ሜትር ቢሆንም ለደገኛ ሰው ይህ ኮረብታ ነው፤ የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ከባድ ዝናብ ያወርዳል፤ በአገራችን ክረምት በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ እዚህ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ስለሚነፍስ አየሩ ደረቅ፣ ባሕሩ ግን ሻካራ ይሆናል። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የቆዳ ጫማ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። በርበሬ፣ ሽሮና ቡና በደንብ ታሽገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልተቀመጡ ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥማቸዋል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሊጥ እንደ አዲስ አበባ ልማዴ ለሦስት ቀን አቡክቼ ነበር፤ በሁለተኛው ጠዋት ከባልዲው ፈስሶ ወለሉ ላይ ደረሰ፣ ሽታውም ጎረቤት ጠራ። እዚህ አንድ ሌሊት ይበቃል። ጤፍ ይዘው ከመጡም፣ አገሪቱ ተባይና የዕፅዋት በሽታ እንዳይገባባት ስለምትጠነቀቅ፣ በሻንጣዎ ያለውን እህል ሁሉ ሳይደብቁ ለጉምሩክ ያስመዝግቡ። የሰው እሽግ በአደራ ተቀብለው ከመምጣት ግን ፈጽሞ ይቆጠቡ።

መኪና በግራ በኩል ይነዳል፤ ተራራውን የሚያቋርጡት መንገዶች ጠባብና ጠመዝማዛ ሲሆኑ፣ ብዙ ቦታ ዳራቸው መከለያ የሌለው ጥልቅ ቦይ ነው። ሠራተኛው በአብዛኛው የሚሄደው በመንግሥቱ አውቶቡስ ነው። መውረድ ሲፈልጉ «ዴቫን!» ብለው ይጮኻሉ። ቃሉ ከኛ «ወራጅ አለ!» ጋር ሥራው አንድ ስለሆነ ለመልመድ አያስቸግርም።

ቋንቋው ከፈረንሳይኛ የተወለደው ክሪዮል ነው፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛም ከእርሱ ጋር የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው። በእንግሊዝኛ ብቻ ሥራ መሥራት ይቻላል፤ ከሰው ጋር መቀራረብ ግን ያስቸግራል። ወደ ሱቅ ወይም ወደ ቢሮ ሲገቡ መጀመሪያ «ቦንዙር» ማለት ግዴታ ያህል ነው፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ጥያቄ የሚጀምር ሰው እንደ ባለጌ ይታያል፤ በዚህ ረገድ የኛ አስተዳደግ ይጠቅመናል። ደሴቶቹ ፈረንሳዮች በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1770 እስኪሰፍሩባቸው ድረስ ቋሚ ነዋሪ አልነበራቸውም፤ የዛሬው ሕዝብ የመጣው በባርነት ከአፍሪካና ከማዳጋስካር ከተወሰዱት፣ ከፈረንሳይ ሰፋሪዎች፣ ከሕንድና ከቻይና ነጋዴዎች ነው። ባርነት በፈረንጆቹ 1835 ከቀረ በኋላም የእንግሊዝ መርከቦች ከባሪያ ነጋዴዎች ያስለቀቋቸውን ምሥራቅ አፍሪካውያን እዚህ አውርደዋል። ከእንግሊዝ ነፃነት የተገኘው በፈረንጆቹ 1976 ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም ዓይነት መልክ ስለሚገኝ፣ ሰውን በመልኩ «ፈረንጅ» ወይም «ሕንዳዊ» ብሎ መጥራት አገሬውን ባይተዋር ማድረግ ይሆንብዎታል።

አብዛኛው ሕዝብ ካቶሊክ ነው፤ አንግሊካን፣ ሂንዱና ሙስሊምም አለ። ዋናው ምግብ ሩዝና ዓሣ በመሆኑ፣ በጾም ዓሣ የማይቀምስ ሰው ከሥራ ቦታ ምግብ ቤት ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር ይሻለዋል። ደስ የሚለው፣ የአገሬው ሰው ምስርን ከሩዝ ጋር አዘውትሮ ይበላል፤ በኮኮናት ወተት የሚሠራው የሙዝና የዳቦ ፍሬ (ሲበስል እንደ ዳቦ የሚሆን የዛፍ ፍሬ) ምግብም ቅቤ አይገባበትም። እሑድ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ቤተሰቡ ድስቱን ይዞ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ የባሕር ዳርቻ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ እርስዎም ይውረዱ፣ ነገር ግን በዋና ልብስ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ቪክቶሪያ አይመለሱ።

የእመቤታችን የዕርገት በዓል በላ ዲግ ደሴት በኦገስት 15 በታላቅ ድምቀት ይከበራል። ቀኑ በእኛ ነሐሴ 9፣ ማለትም በፍልሰታ ጾም መካከል ስለሚውል፣ ሄዶ ማየት የሚፈልግ ምሳውን ከቤቱ ይያዝ፤ የጀልባውንም ትኬት አስቀድሞ ይቁረጥ፤ በዚያ ሰሞን የሚሄደው ሰው ብዙ ነው።