ዋይፋይ የማያገኝ የሊኑክስ ላፕቶፕ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

እዚህ ባሕር ዳር ሊኑክስ የጫኑ ተማሪዎች የሚያመጡልኝ ችግር አንድ ዓይነት ነው፦ ላፕቶፑ ደህና ይነሳል፣ ድምፁም ስክሪኑም ይሠራል፣ ዋይፋዩ ግን የለም። ብዙዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ሊኑክሱን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጭነውታል። እባካችሁ እንዲህ አትድከሙ። ማሽኑን ጠይቁት፤ የሚያመውን ራሱ ይናገራል። ትእዛዞቹን በአማርኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በቅንፍ እንዳለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ።

ዋይፋዩ አለ፣ አልበራም ካለ

«አርኤፍኪል ሊስት» (rfkill list) ብላችሁ ጠይቁ። «ሶፍት ብሎክድ» ከሚለው ቀጥሎ «የስ» ካለ፣ «አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» (rfkill unblock wifi) ይከፍተዋል። «ሃርድ ብሎክድ» ላይ «የስ» ካለ ግን ትእዛዝ አይረዳችሁም፤ የላፕቶፑን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱ። አሮጌዎቹ ላይ ጥፍር የምታህል ተንሸራታች ማብሪያ አለች፤ ቦርሳ ውስጥ ስትታሽ ትዘጋለች። ከፖሊ ካምፓስ የመጣች አንዲት ተማሪ ሙሉ ሳምንት የተንገላታችው በዚህችው ማብሪያ ነው።

ዋይፋይ የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። «ኤልኤስፒሲአይ» (lspci) የዋይፋይ ካርዱን ስም ያወጣል፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ «ኤልኤስዩኤስቢ» (lsusb)። የምትፈልጉት የላፕቶፑን ስም ሳይሆን የቺፑን ነው፦ ኢንቴል፣ ሪልቴክ ወይም ብሮድኮም። ቀጥሎ «ሱዶ ዲሜሴጅ» (sudo dmesg) ብላችሁ «ፈርምዌር» (firmware) የሚለውን ቃል ፈልጉ። ፈርምዌር ካርዱ በተነሳ ቁጥር የሚጫንለት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፋይሉ አልተገኘም የሚል መስመር ካያችሁ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ይኸው ፋይል ብቻ ነው።

በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዴቢያን 12 (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ወዲህ የብዙ ካርዶች ፈርምዌር ከመጫኛው ጋር ይመጣል። እንደ ቢሲኤም4312 ያሉ የብሮድኮም አሮጌ ካርዶች ግን በፈቃድ ምክንያት አልተካተቱም፤ «ፈርምዌር-ቢ43-ኢንስቶለር» (firmware-b43-installer) የተባለው ጥቅል ፋይላቸውን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኢንተርኔት የሌለው ማሽን ከየት ያውርድ? ከስልካችሁ። የአንድሮይድ ስልክ በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግን (የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል ማካፈያውን) አብሩ፤ ላፕቶፑ በሽቦ እንደመጣ ኔትወርክ ይቀበለዋል። ስልኩ የያዘውን ዋይፋይም ስለሚያሳልፍ፣ ጣና ዳር ካፌ ከተቀመጣችሁ የሞባይል ዳታ እንኳ አያስፈልጋችሁም። ቴተሪንግ የሚለው አልበራ ካለ ኬብሉን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ኬብሎች ብዙ ናቸው። ጥቅሉን ከጫናችሁ በኋላ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩት።

ስልክ የሚያየውን ኔትወርክ ላፕቶፑ ካላየ

ኔትወርኩ በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አሮጌ ካርዶች 2.4 ብቻ ነው የሚያውቁት። ራውተሩ ላይ 2.4ን ማስከፈት ነው።

ተገናኝቶ በየደቂቃው ከተቋረጠ

ካርዱ ባትሪ ለመቆጠብ እያንቀላፋ ይሆናል። በኔትወርክ ማናጀር ቅንብር «ዋይፋይ.ፓወርሴቭ» (wifi.powersave) የሚለው 3 ከሆነ 2 አድርጉትና አገልግሎቱን እንደገና አስነሱት።