ወንበር ላይ ያለ ተወካይ ዳግም ሲወዳደር እንዴት ይመዘናል? ለሐረር መራጭ

በአሜሪካ ሴናተር በየ6 ዓመቱ ከግዛቱ መራጭ ፊት ቀርቦ ድምፅ ይጠይቃል። በእኛ አገር ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት እስካሁን የተሰየሙት በክልል ምክር ቤቶች በመሆኑ፣ የሐረር ነዋሪ በቀጥታ የሚመዝነው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ለ5 ዓመት የሚልከውን ሰው ነው።

አስቀድመው ተወዳዳሪው የያዘውን ወንበር ይለዩ። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ ቀሪዎቹ 22ቱ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ሲሆኑ፣ የሁለቱ ጉባኤዎች የሥልጣን ድርሻ አንድ አይደለም።

ቀጥሎ ሥራውን ይመርምሩ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የከተማዋ ውኃ የዘወትር ጥያቄ በመሆኑ፣ በምርጫ ሰሞን «ውኃ አስገባለሁ» የማይል ተወዳዳሪ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ተወካይ ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል እንጂ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ስለዚህ «ቧንቧው መጣ ወይ?» ከማለት ይልቅ ጉዳዩን በጉባኤ አንሥቶ እንደሆነ፣ የሚመለከተውን ቢሮ ኃላፊ ምን ብሎ እንደጠየቀና በጀቱ ሲጸድቅ ምን አቋም እንደያዘ ፊት ለፊት ይጠይቁት። በጁገል በር አጠገብ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ለዚህ መልስ አይሆንም።

የተቀናቃኞቹንም ብዛት ያስተውሉ። በሥርዓታችን የሚያሸንፈው ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ እንጂ የግድ ከግማሽ በላይ ያገኘ ስላልሆነ፣ ተቃዋሚዎቹ ድምፅ ሲከፋፈሉ ነባሩ ተወካይ አብዛኛው መራጭ ሳይደግፈውም ወደ ወንበሩ ሊመለስ ይችላል።