ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ወርዶ ምሳ ለመብላት

ከለንደን የሚመጣ ዘመድ «እስቲ አንድ ጥንታዊ የእንግሊዝ ከተማ አሳዪኝ፣ እግረ መንገዳችንን ምሳ እንብላ» ሲለኝ ይዤው የምሄደው ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ነው። የምኖረው ኢፕስዊች ነው፤ ከዚያ በባቡር አርባ ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ሁለቱም ከተሞች ባሉበት በሰፎክ አውራጃ ውስጥ በሆቴል ወጥ ቤት ለዓመታት ስለሠራሁ፣ የምነግራችሁን ከጠረጴዛው በኩልም ከምድጃው በኩልም አውቀዋለሁ። ምክሬ አጭር ነው፤ ለምሳ ሂዱ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ ጠይቁ። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። ገበያው ረቡዕና ቅዳሜ ይውላል። ድንኳኖቹ ኮርንሂል እና በተርማርኬት በሚባሉት መንገዶች ላይ ይዘረጋሉ፤ ፍራፍሬው፣ አይቡ፣ ዳቦው፣ ከምጣድ ላይ ትኩስ የሚሸጠው ምግብ ሁሉ እዚያ ነው። ቅዳሜ ሕዝቡ ይበዛል፣ ጋሪ የሚገፋ ሰው መተላለፊያ አያገኝም፤ ግን ድምቀቱ ደስ ይላል። ረቡዕ ረጋ ያለ ነው፤ ጠረጴዛም በቀላሉ ይገኛል። ችግሩ ረቡዕ ለብዙዎቻችን ጾም መሆኑ ነው። እኔ ግን ረቡዕን አልፈራውም፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ብዙ ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉ በእነዚህ ቀናት ሩቅ መንገድ አትምጡ።

ከተማው የበቀለው ከገዳም ደጃፍ ነው። የዚህ አካባቢ ንጉሥ የነበረውን ኤድመንድን ዴንማርኮች በ869 እ.ኤ.አ. ገደሉት፤ የተቆረጠ ራሱን ተኩላ ሲጠብቅለት ተገኘ ይላል ትውፊቱ። እንግሊዞች የኛን ቅዱስ ጊዮርጊስ የሀገራቸው ጠባቂ ከማድረጋቸው በፊት በዚያ ክብር ይጠራ የነበረው ይኸው ኤድመንድ ነበር። አጽሙ ባረፈበት ቦታ በ1020 የመነኮሳት ገዳም ተመሠረተ፤ በ1539 በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ተዘጋ፣ ፈረሰም። በ1086 በንጉሥ ዊልያም ትእዛዝ በተጻፈው የሀገሪቱ መዝገብ ላይ ግን ገዳሙን በየቀኑ የሚያገለግሉ 75 ሰዎች ተቆጥረዋል፤ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ ጠማቂዎች፣ ወጥ ሠሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጫማ ሠሪዎች። ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል፤ የከተማው የመጀመሪያ ትዝታ ውስጥ ወጥ ሠሪ አለበት። የገዳሙ ፍርስራሽ ዛሬ አቢ ጋርደንስ የሚባል መናፈሻ ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም። ልጆች ያሏችሁ ከገበያው ዳቦና ፍራፍሬ ገዝታችሁ እዚያ ሣር ላይ ብትበሉ፣ ከብዙ ምግብ ቤት የተሻለ ምሳ በላችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። እንግሊዝ አገር ምግብ ቤት በሩ ክፍት ነው ማለት ወጥ ቤቱ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ምሳ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ወይም 2፡30 ነው (በፈረንጅ ሰዓት)፤ ከዚያ ምድጃው ይጠፋል፣ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ቢለምኑትም የሚያበስል የለም። አበሻ ለምሳ በ3 ሰዓት ተሰብስቦ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚያገኘው ኬክና ሳንድዊች ብቻ ነው። እኔ 12፡30 ቦታ አስይዛለሁ፤ ለእንግዶቼ የምነግራቸው ግን 12 ሰዓት ብዬ ነው። ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ሳታስይዙ አትሂዱ፤ ቤቶቹ ያረጁና ጠባብ ስለሆኑ ጠረጴዛ ማጋጠም አይቻልም።

ፐብ (የእንግሊዞች መጠጥ ቤት፣ ምግብም ይሸጣል) ውስጥ ከተቀመጣችሁ አስተናጋጅ እስኪመጣ አትጠብቁ። የጠረጴዛችሁን ቁጥር አይታችሁ ወደ ባንኮኒው ሂዱ፣ እዚያ እዘዙ፣ እዚያው ክፈሉ። ይህ ለኛ ሰው በጣም ይመቻል፤ ጋባዡ ቀድሞ ተነሥቶ ከከፈለ ኋላ «እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ» የሚባል ትግል የለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳህን ያዛል፤ አንድ ትሪ ከበን የመብላት ልማድ ስላለን ግን ለመሐል የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ «ሻሪንግ» የሚለውን ሜኑ ላይ ፈልጉ። የቧንቧ ውኃ ጠይቁ፤ መጠጥ የመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት በሕግ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት።

እሑድ ከመጣችሁ ሮስት ብሉ። ሮስት በምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ የበሰለ ትልቅ ሥጋ ነው፤ ተቆራርጦ ከድንች፣ ከካሮት፣ ከጎመን ጋር ይቀርባል፤ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዱቄት ሊጥ የሚነፋ ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚባል ጎድጓዳ ቂጣም አብሮት ይመጣል። የከብት ሥጋ፣ በግ፣ ዶሮ ወይም አሳማ መምረጥ ይቻላል። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። የከብቱን ሥጋ ስላዘዛችሁ ብቻ ከአሳማ ነጻ ሆናችሁ ማለት አይደለም። ድንቹ በምን ስብ እንደተጠበሰ ጠይቁ፤ በሞራ፣ በዝይ ስብ ወይም በአሳማ ስብ የሚጠብስ ወጥ ቤት ብዙ ነው። «ስተፊንግ» የሚባለው እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ነገር ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። ግሬቪው ደግሞ፣ ያ ቡናማ መረቅ፣ ሥራ በበዛበት ወጥ ቤት ከአንድ ድስት ተቀድቶ ለሁሉም ሳህን ይፈስሳል፤ ድስቱ ውስጥ የየትኛው ሥጋ መረቅ እንዳለ ከአዳራሹ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ «ግሬቪውን ለብቻው አምጡልኝ፣ ከምን እንደተሠራም ንገሩኝ» በሉ። ማንም አይቆጣም፤ በየቀኑ የሚጠየቁት ነው።

ሥጋው መሐሉ ቀላ ብሎ ነው የሚቀርበው። ቁርጥ የሚወድ ሰው ደስ ይለዋል፤ በደንብ የበሰለ የሚፈልግ ግን ለሮስት «ዌል ደን» ቢል አስተናጋጁ ይቸገራል፤ ሥጋው ጠዋት አንድ ላይ በስሎ አልቋልና። ማለት ያለባችሁ «ከጫፉ ቁረጡልኝ» ነው። ጫፉ እሳት በደንብ ያገኘው፣ ጠቆር ያለውና ጨው የያዘው ነው፤ እኛ ወጥ ቤት ውስጥ ለራሳችን የምናስቀረውም እሱን ነበር። አክስቴ ከአዲስ አበባ የመጡ ጊዜ ከዚያ ከጫፉ ተቆረጠላቸው፤ ቢጫውን ሰናፍጭ አጠገቡ ሲያዩ ፊታቸው በራ። እንግሊዞች ሰናፍጭ አጥብቀው ይወዳሉ፤ የታወቀው የኮልማንስ ሰናፍጭ ራሱ የተነሣው ከዚሁ ከምሥራቁ ክፍል፣ ከኖሪች ከተማ ነው። አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ከኛው ጋር ዝምድናው ይታወቃል።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ጾመኛ ምግብ አያጣም፤ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበትን ምረጡ፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ቅቤም የለበትም። «ቬጀቴሪያን» የሚለው አይበቃችሁም፤ ሥጋ ባይኖረውም አይብና እንቁላል ይኖረዋል። ካልተማመናችሁ የአለርጂ ዝርዝሩን ጠይቁ። በሕግ 14 ነገሮች በምግቡ ውስጥ ካሉ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ከ14ቱ ውስጥ ናቸው። ሦስቱን ረድፎች በጣታችሁ ተከትላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ሥጋና የእንስሳ ስብ ከ14ቱ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ሾርባው በአጥንት መረቅ ቢሠራ፣ ድንቹ በሞራ ቢጠበስ፣ ሰንጠረዡ ላይ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ይህን በአፍ መጠየቅ ግድ ነው። «ቺፕሱ የሚጠበሰው በአትክልት ዘይት ነው? ሥጋና ዓሣ የሚጠበስበት ዘይት ነው?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

ዓሣና ቺፕስም እንዲሁ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ እሱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። እኔ የምለው ዓሣው ስለተለበሰበት ሊጥ ነው፤ ቢራ፣ አንዳንዴ ወተት ወይም እንቁላል ይገባበታል። መጥበሻውም በብዙ የድሮ ቤቶች የከብት ሞራ ነው። ሙስሊም እንግዳ ስትወስዱም ስለ ቢራውና ስለ ሞራው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሐላል ሥጋ የሚፈልግ ሰው ፐብ ውስጥ ማግኘቱ ይከብዳልና፣ የእስያና የቱርክ ምግብ ቤቶችን ደውሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አንድ ጊዜ ገንዘብ አውጥታችሁ የማትረሱት ነገር ለመብላት ከፈለጋችሁ ካነን ስትሪት ላይ ፒ ፖሪጅ አለ። ባልና ሚስት የሚመሩት ትንሽ ቤት ነው፤ በ2021 ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሼሊን ኮከብ አገኘ። ለኛ ሰው የምመርጠው ግን ለኮከቡ ብዬ አይደለም። ምግቡ ከሜዲትራኒያን፣ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ቅመም ይዞ በእሳት የሚበስል ነው፤ በርበሬና ኮረሪማ የለመደ ምላስ እዚያ አይራብም። ቀደም ብሎ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ጾም ከሆናችሁም ስታስይዙ ተናገሩ። ትንሽ ወጥ ቤት ቀድሞ ካወቀ ይዘጋጃል፤ በሩ ላይ ከነገራችሁት ግን ሰላጣ ብቻ ይደርሳችኋል።

ዘ ትራቨርስ በሚባለው መንገድ ላይ ደግሞ ዘ ነትሼል አለ፤ ከብሪታንያ ትንንሽ ፐቦች አንዱ ነው። ወለሉ 15 ጫማ በ7 ጫማ ብቻ ነው። ምግብ ፍለጋ አትግቡበት፤ የሚታይ ቤት ነው። ጣሪያው ላይ የደረቀች ድመት ተሰቅላለች፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚጠጣው ቢራ ከዚሁ ከተማ ነው፤ ግሪን ኪንግ ከ1799 ጀምሮ እዚህ ይጠምቃል፤ ነፋሱ ሲመጣ የብቅሉ ሽታ መንገድ ላይ ይሸታችኋል። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ሒሳቡ ሲመጣ ታችኛውን መሥመር እዩ። «ሰርቪስ ቻርጅ» (የአገልግሎት ክፍያ) ተጨምሮ ከሆነ ሌላ ጉርሻ መተው አይጠበቅባችሁም፤ አገልግሎቱ ካልጣማችሁ ደግሞ «ዲስክሬሽነሪ» (በፈቃድ የሚከፈል) የሚለውን እንዲያነሡላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ደስ ብሏችሁ ከሆነ ግን ስጡ። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪው ጉርሻውን ሙሉ በሙሉ ለሠራተኞቹ ማካፈል በሕግ ግዴታው ሆኗል፤ ሳህን አጣቢውም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የዚያን ሥራ ድካም ስለማውቅ ይህ ሕግ ሲወጣ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ቤቱን የማታውቁት ከሆነ ደግሞ በሩ ላይ ከ0 እስከ 5 የሚሰጠውን የንጽሕና ነጥብ ፈልጉ። በእንግሊዝ መለጠፉ ግዴታ አይደለም፤ ካልተለጠፈ በስልካችሁ ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኔ ከ4 በታች አልገባም።

ሁለት ወቅቶችን ተጠንቀቁ። የእንግሊዞች የእናቶች ቀን የሚውለው በእነሱ ሁዳዴ አራተኛ እሑድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኛም ዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በዚያ ቀን ቤቱ ሁሉ ሞልቶ ሜኑውም የተወሰነ ስለሚሆን ጾመኛ ሆናችሁ አትድከሙ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ግብዣ ይመጣል፤ እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ነን፣ እነሱ ቱርክ ዶሮና በአሳማ ሥጋ የተጠቀለለ ቋሊማ ላይ ናቸው። ግብዣው ላይ አትቅሩ። የምግብ ምርጫ ወረቀቱ ሳምንታት ቀድሞ ይዞራልና ያኔውኑ ቪጋኑን ምልክት አድርጉ።

መኪና ካላችሁና ቀኑ ካልመሸ ወደ ደቡብ ወደ ላቨናም ውረዱ። በሱፍ ጨርቅ ንግድ የከበረች፣ ቤቶቿ ሁሉ የተንጋደዱ መንደር ናት፤ ባቡር የላትም፣ አውቶቡስ የሚይዝ ሰው የመልሱን ሰዓት አይቶ ይውጣ። እዚያ የሚበላው የከሰዓቱ ሻይ ነው፤ ስኮን፣ ወፍራም ክሬም፣ የእንጆሪ ማርማላታ። ትንንሾቹ ሳንድዊቾች ውስጥ ብዙ ጊዜ አንዱ የአሳማ ነው፤ ስታዝዙ «ያለ ሃም» በሉ፣ በእንቁላል ወይም በኪያር ይቀይሩላችኋል። ሻይ የሚቀርበው እስከ 4 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከቤሪ ከ2፡30 በፊት ተነሡ።