ደሴ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ሲኒማ የሚመስል ፊልም ለማየት

እውነት ለመናገር የሲኒማ ቤቱን ትልቅ ስክሪንና ከማታውቁት ሰው ጋ አብሮ መሳቅን ቤት አታገኙትም፣ ግን አብሽሩ፣ በጦሳ ተራራ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ማየትም የራሱ ለዛ አለው። መብራት አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ከዛ ቲቪው ሴቲንግ ገብታችሁ ሞሽን የሚባለውን ነገር አጥፉት (ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን ነው የሚለው)፣ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረፀው እሱ ግን መሀል ላይ ከራሱ ምስል እየፈጠረ ይጨምርና ሲኒማውን የቲቪ ድራማ ያስመስለዋል፣ ወንድሜ ይሄን ሳያውቅ ቲቪው ተበላሸ ብሎ ሊሸጠው ነበር። የቲቪው ስፒከር ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሆነ ግድግዳውን ነው የሚያናግረው፣ ትንሽም ብትሆን ሌላ ስፒከር ከፊት አድርጉ። ፊልሙን ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑ፣ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። ቡናው ከፊልሙ በፊት ይፈላ፣ ሲኒ እየተንኳኳ ማን ይሰማል? ስልክ ሌላ ክፍል።